የቀድሞ ንባብ

ከሰባራ ባቡር ወረድ ብሎ፣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲህ፣
ወሳኝ ኩነት የሚሉት ቢሮ አለ፤ እንጀራዬ እዚህ።
ልደት በመስኮት አንድ ነው፣ ጋብቻ በመስኮት ሁለት፤
መስኮት ሦስት እኔ ነኝ። እኔ ጋ የሚመጣው ሞት።

ቅጹ ላይ፣ «ዕድሜ» ካለው ፊት፣ ሦስት ሣጥን ተሰልፏል፤
የፊተኛው ሥራ የለውም፤ ዜሮ ይሞላል፣ ይታለፋል።
በአሥራ አንድ ዓመት አንዴ ብቻ አንድ ቁጥር ገባበት፤
የአንዲት መነኩሲት ነው፤ መቶ ሦስት።

«ይሄ ሣጥን ለማን ነው?» አሉኝ ጋሽ ምንያህል አንድ ቀን፣
ለመታወቂያ እድሳት መጥተው፣ ሲስተም እምቢ ብሎን።
ጡረተኛ ናቸው፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ የነበሩ፤
እስከ እሪ በከንቱ በር ያንኳኩ፣ ውሻ የፈሩ።

«ለማቱሳላ ነዋ» አልኩ፤ ለጨዋታ ነበር አነጋገሬ።
እሳቸው አልሳቁም። ወንበር ሳቡ፦ «እንግዲያው ስማኝ ዛሬ።

ከጠፈር በላይ ውሃ ነበር። ተጽፏል፤ እኔ አልጨመርኩም።
ሮቶ በለው። ፀሐይ በሱ ተጣርታ ስትወርድ ቆዳ አታከስልም፤
ምድሩን የሚያጠጣው ጤዛ ነው፣ ዝናብ የሚባል ነገር የለም።
በዚያ ጥላ ሥር ዘጠኝ መቶ መኖር ምኑም አይገርም።

ኋላ ሮቶው ተነደለ። አርባ ቀን፣ አርባ ሌሊት ፈሰሰ።
ኖኅ የፊቱን ውሃ ጠጥቶ ነበርና ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ደረሰ፤
ሴም ግን ስድስት መቶ፤ አብርሃም መቶ ሰባ አምስት፤
ሙሴ መቶ ሃያ። ግፊቱ ሲያንስ አየኸው?
እኛማ የቧንቧው ጫፍ ነን፤ በፈረቃ፣ በሌሊት።»

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኢዮስያስ፣ በሩን ተደግፎ ሲሰማ፣
ቶነር የነካው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና፣
«ውሃ አይደለም ጋሼ፤ አዳም ዋናው ነው፣ እኛ የቅጂ ቅጂ፤
በየትውልዱ አንድ ፊደል ይሳታል፣ ማኅተሙ ይደበዝዛል፤
ሰው በዓመት ብዛት መች አረጀ፣ በመገልበጥ ብዛት እንጂ!»

አንዲት ወረፋ የያዘች ደግሞ፣ «ቅጠላ ቅጠል ነበራ የሚበሉት!
ሥጋ የተፈቀደው ከውሃው ወዲያ ነው» ብላ ገባችበት።

እኔ ምን ልበል? አላመንኩም፣ አልካድኩም።
ሲስተሙ መጣ። ስም ጠራሁ። ነገሩን አልቋጨነውም።

*

ነሐሴ ላይ ተመለሱ። ኮታቸው ርሷል።
መስኮት ሦስት ላይ ቆሙ፤ ወንበር አልሳቡም።
የሆስፒታል ወረቀት፣ በፌስታል የተጠቀለለ።

«ስም?»
«ትርንጎ ደስይበለው።»
«ዕድሜ?»

ያሬድን ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት ብለው
እንደ ውዳሴ በቃል የሚደግሙ ሰው
ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዝናብ አዳመጡ።

የመታወቂያዋን ቅጂ አየሁት፤ ኢዮስያስ ነው የገለበጠው።
ፊቷ አለ። የትውልድ ዘመኗ ግን ነጥቧል፤ ግራጫ ሆኗል።
በራፉ ላይ ቆሞ ነበር። ምንም አላለም።

«እሱም ቢታይ ልክ አይደለም» አሉ። «ያን ጊዜ የቀበሌው ጸሐፊ
ጥርሷን አይቶ ነው የገመተላት፣ እንደ በቅሎ። ሳቀችበት።
በድርቁ ዓመት ነው የመጣችው፤ ወረቀት የላት፣ ዘመድ የላት።
እኔ ቆጣሪ ላነብ ሳንኳኳ፣ በሩን ከፈተችልኝ።
ከዚያ ወዲህ አርባ አንድ ዓመት።
የአሁኑ ንባብ ይኸው፤
የቀድሞ ንባብ የለኝም።»

ሲስተሙ ያለ ቁጥር አያሳልፍም።
ተነጋገርን፤ ጥርስና ድርቅ ደመርን፣ ስድሳ ምናምን ላይ ደረስን።
ጣቴን ወደ ፊተኛው ሣጥን ሰደድኩ።

«ዜሮው ግድ ነው?» አሉኝ።
«ግድ ነው፣ ጋሼ።»

እጃቸውን ከመስታወቱ በታች ባለችው ቀዳዳ አስገብተው
ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፉት፤ እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ቀስ ብለህ ጻፈው።»