ስፌቱ ጋ

ደብረ ማርቆስ ሌሊት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ስሌቱ ካቆመበት እንደገና ሲወጣ፣
አንዲት የመድኃኒት ቅንጣት ከሕዋስ ደጅ ቆማለች፤
ሦስት ቀኗ፤ ልትገባ ትልና ትመለሳለች።

ሽፋኑ ካብ አይደለም፣ እሾህም አይደል አጥር፣
ሁለት የስብ ረድፍ ነው፣ እየዋኘ የሚያድር።
በአንድ ወገን ልል ነው፣ ፀሐይ እንዳየው ቅቤ፤
በሌላው ግን ሌላ ነው፣ አየሁት ተጠግቼ ቀርቤ፤
ኮሌስትሮል በየመሃሉ ገብቶ እንደ ሽብልቅ፣
ትከሻ ለትከሻ፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጥብቅ።

ይህን ሰልፍ አውቀዋለሁ።

ደብረ ኤልያስ፣ በሰባት ዓመቴ፣ ማኅሌት በቆመ ለት፣
«ምጥ ጠንቶባታል በለው» ብለው ላኩኝ ከጎረቤት።
ሁለት ረድፍ ነጭ ኩታ፣ ፊት ለፊት ተያይቶ፣
መቋሚያው አንድ ላይ ወርዶ፣ አንድ ላይ ተነሥቶ፤
ጉልበት ብገፋ፣ ኩታ ብጎትት፣ ማንም አላየኝ፤
ከበሮው እንደ ማዕበል ወደ ደጅ መለሰኝ።

ያለፍኩት ከዳር ነው፤
ሽማግሌዎቹ አብቅተው ተማሪዎቹ የሚጀምሩበት፣
ቁመት ከቁመት ሳይገጥም፣ አንድ ምት የዘገየበት፣
በዚያች ስፌት ሾልኬ።

ዛሬም ቅንጣቷን ከጥብቁ መሃል አነሣኋት፣
ልሉና ጥብቁ በሚዋሰኑበት አኖርኳት።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሰመጠች፤
ወዲያ ማዶ ወጣች።
አላጨበጨብኩም።

አባቴ፣ መሪጌታ ላቀው፣ ጎንበስ ብሎ ሰማኝ፤
ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ግን፣ በዓይኑ «ቁም» አለኝ።

ማለፉስ ይኸው ሆነ።
አሁን ደግሞ ልጠብቅ፣
ውስጥ ያለው ምን እንደሚላት።