ከፊደሉ በላይ

አራት ኪሎ፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ቤት፣
«ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ሰሌዳ ያንጠለጠልኩባት፣
የኔ ናት።
ውል እጽፋለሁ፣ አቤቱታ፣ የሥራ ልምድ፤
አንዳንዴም ለሚዜ የሚሆን ግጥም፣ በትእዛዝ፣ በውድ።

ማስረሻ የመጣው በነሐሴ ነው፣ ሲሚንቶ የበላው እጁን አጣጥፎ፣
አራት መስመር በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጽፎ።
«ለመቃብር ድንጋይ ነው» አለኝ፣ «ለእናቴ፤
በኛው በቤንችኛ ይሁንልኝ፣ እህቴ።»
የአገሩ ልጆች ዛሬ በላቲን ይማራሉ፤ እሱ የቆጠረው ሀ ሁን ነው፤
እንዳለ መታሁለት።
አትሜ ሰጠሁት። አነበበ። ደግሞ አነበበ።
«ይሄ እናቴ አይደለችም» አለ። «ይሄ ተርብ ነው።»

ለካ ያቺ አንዲት ድምፅ ስድስት ቦታ ትቆማለች፣
አምስቱ ላይ ቀጥ ብላ፣ አንዱ ላይ እየወጣች፤
ባንዱ ተርብ፣ ባንዱ ምንጣሮ፣ ባንዱ ወገብ ላይ የሚታሰር ጨርቅ፤
የቀረውን በጣቱ አየር ላይ አሳየኝ፣
ጆሮዬ ግን ቀረ፣ ሩቅ።

እናቱ ጥቁር አንበሳ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ሰባት ሳምንት ተኝታለች።
ሐኪሙ «የቱ ጋ ነው?» ሲላት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፤
ነርሷ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣
መጮህ ማስተርጎም ይመስል።
የጥየቃ ሰዓት ሲያልቅ ዘበኛው ልጁን ያስወጣል፤
ልጁ ከግቢው፣ ከጽዱ ሥር፣ ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ
ያፏጫል።
ዘፈን አልነበረም። ወሬ ነበር።
«ሾርባውን ጠጣሽው? ጊደሯ ወልዳለች። ኧረ ጠጪው እንጂ።»
ከአምስተኛው ፎቅ፣ ጥርስ ከጎደለው አፍ፣ ቀጭን መልስ ይወርዳል፦
«ጨው የለውም።»
ዘበኛው ይቆጣል፦ «በማታ አይፏጭም፣ ሰይጣን ትጠራለህ!»
«እናቴን ነው» ይለዋል።

አንድ ሐሙስ መልሱ ቀረ።
ደግሞ አፏጨ። ደግሞ።
ያን ማታ ዘበኛው አልተናገረ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ለወንዶቹ ዜማ ሲያስቀጽሉ
እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጥጥ እፈለቅቃለሁ፤
መጽሐፉ ተገልጦ ሲቀር ግን ሰርቄ አያለሁ፦
ከፊደሉ በላይ፣ ጉንዳን የመሰለ፣
ይዘት፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣
ለድምፅ መውጫና መውረጃ የተተከለ።
«ለሴት አይሆንም» አሉኝ። ዐይን ግን አይጾምም።

ደግሞስ የኛው ፊደል ምን ይናገራል?
«እናቴ አለች» ብዬ ስጽፍ፣
ተናገረች ነው ወይስ በሕይወት አለች?
ይጥበቅ ይላላ ወረቀቱ አያውቅም፤
የሚያውቀው እሷው ያሳደገችው ጆሮ ብቻ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ።
እሱ በቀስታ ያፏጫል፣ እኔ ከፊደሉ በላይ እጭራለሁ፤
ይወርዳል፣ እደፋለሁ፤ ይወጣል፣ እሰርዛለሁ።
የአባቴ ምልክት ለዚህ አልተሠራም፤ ተበደርነው።
ፎቶ ኮፒው ጋለ፣ ወረፋው በሩ ድረስ አጉረመረመ፣
ለአንድ ስም አርባ ደቂቃ።

ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው እብነ በረድ ጠራቢ
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።
«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ የዝንብ ኩስ?»
«ስሟ ነው» አልነው።
አሰበ። «እኔ የማስከፍለው በፊደል ነው» አለ፣
«ነቁጡ በነፃ።»

ባለፈው ቅዳሜ ማስረሻ ዳቦ ይዞልኝ መጣ።
ይህን ስም ማን እንዳወጣለት እስከዛሬ አልጠየቅሁትም።
መዝጊያውን ዝቅ አደረግሁና፣
«ሴት አታፏጭም» የሚለውን ከውጭ ትቼ፣
ከንፈሬን አሾልኬ የእናቱን ስም ሞከርኩ።

ሳቀ። «ተርብ ጠራሽ።»
ጥቂት ቆየና፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፦
«ከፍ አድርጊው። ድገሚ።»