የካርታው መፍቻ

ከሰዓት በኋላ፣ አዳማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
መስኮቱ ቢዘጋም አቧራው አያልቅ።
ወረዳው በሙሉ ስክሪኔ ላይ ተዘርግቶ፣
አዋሽ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ተራራው ተኝቶ፣
አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞኛል ጧት ማታ፦
ጥም ምን ዓይነት ነው፣ ቀለሙ፣ በካርታ?

መመሪያው ግልጽ ነው፤ አምስት ደረጃ አለ፤
ቢጫ «ሥጋት» ብሎ ብርቱካን ቀጠለ፣
ቀይ ከዚያ፣ ጠቆር ያለ ቀይ መጨረሻው ነው።
አረንጓዴው «ደህና»፤ ማንም ዞር ብሎ አያየው።

ቦሰትን ቢጫ አድርጌ ሞላሁ፣
ፈንታሌን ብርቱካን፣ ጫፉን አቀላሁ፣
አተምኩት በትልቁ፣ ጠረጴዛ ሙሉ።
«አማረ» አሉኝ ሁሉ።
ድርቅ አማረ አሉ።

ማክሰኞ ስብሰባ። ከየቀበሌው ሰው መጣ።
ሮባ ጅሎ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወደ ፊት ወጣ።
ሮባ ማለት ዝናብ ነው፤ በዝናብ ሌሊት የተወለደ፣
አሁን በስሙ ሲጠሩት ሰማይ ሰማይ ማየት የለመደ።

«ካርታ አለ ቢሉኝ» አለ፣ «የይዞታ መስሎኝ፣
አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት፣ ማኅተም ያለው፣ የሚያስከብረኝ፤
ፌስታል ይዤ መጣሁ፣ መንገድ ላይ እንዳይረጥብብኝ።»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ፌስታሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ።
ቢጫውን በአውራ ጣቱ እንደ እህል አሸት አሸት አድርጎ፣ አሸተተ።

«ይህ ጤፍ ነው» አለ። «የደረሰ፣ ማጭድ የሚጠብቅ።
የኛ ቢጫ ኅዳር ነው፣ ጥጋብ ነው። ማን አላችሁ ቢጫ ድርቅ?
ድርቅማ ነጭ ነው፤ የላም ዐይን ነው ሲገለበጥ፣
የደረቀ ኩሬ ነው፣ ጨው ለብሶ ሲያፈጥ።»

ጣቱ በሰቃ ሐይቅ ላይ ደረሰ፤ ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ ያማረ።
«ይሄን ያየ የሩቅ ሰውማ ውሃ አላቸው ብሎ እፎይ አለ፣ አደረ!
ከብቴ ጠጥቶት አልተነሣም። ሐይቁ ግጦሻችንን በላ፣ መንገድ ቀማ፣
እኛ ዳሩ ቆመን ተጠማን። ቀለማችሁ ይህን አልሰማ።
እዚህም አረንጓዴ አድርጋችኋል፤ ከላይ ላየው ለምለም፤
እሾህ ነው። ፍየል ያልፈለገው ቅጠል፣ ቅጠል አይባልም።»

ማታ ባጃጅ ያዝኩ።
«ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ ሾፌሩ። «ካርታ።» «የመጫወቻ?»
«የለም፣ የአደጋ።» ሳቀ፣ መሪውን ይዞ በአንድ እጁ ብቻ።
«የኛ ሰፈር ካርታ ግድግዳው ላይ ነው፤ ጭቃው የደረሰበት መሥመር።
እዚያ ኮረብታው ላይ ዘነበ፤ እኛ ሰጠምን በከዋክብት ሥር።»

በነጋታው ቢጫውን ደመሰስኩ፣
በሰቃን በጥቁር መሥመር ሸነሸንኩ፣ «አይጠጣም» ብዬ ጻፍኩ፣
ከኮረብታው ወደ ከተማው ወፍራም ቀስት ሰደድኩ፣
ድርቁን ነጭ ተውኩ።

አለቃዬ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ነጭማ መረጃ የለም ማለት ነው፤
የትም ዓለም ብትሄጂ፣ ነጭ የማናውቀው ቦታ ነው።»
«አዎ» አልኩት። «እሱኑ ነው።»

መነጽሩን ጠረገ። አላጸደቀም፣ አልሰረዘም።
ሁለት ቅጂ በራሴ ወረቀት አተምኩ፤ በጀት አልጠየቅሁም።

ዓርብ፣ መናኸሪያ። የመተሐራው መኪና ጥላ ሥር ቆሟል።
«ሮባ!» አልኩ ከኋላው። መጀመሪያ ቀና አለ፣ ወደ ላይ፤
ከዚያ ዞረ፣ ወደ እኔ።
ነጩን ብዙ አየው፤ መንደሩ የሚሆንበትን በጥፍሩ ነካ፣
ስለ ቀለሙ ምንም አላለኝም፤ ረዳቱ ግን ጮኸ፣ ሂሳብ ተሰበሰበ፣ በሩ ተንኳኳ።
ካርታውን ጠቀለለ። ከኪሱ ያንኑ ፌስታል አወጣ፣
ቀስ ብሎ ከተተው፣ አፉን ቋጠረ፦
«እንዲያው ድንገት ቢመጣ።»