ውሃው ደህና ነው

ከፊዮርዱ ዳርቻ፣ ከእንጨቱ ቤት ጓዳ፣
የዝናብ ልብሳችን በሚንጠባጠብበት ግድግዳ፣
የጫማ ካርቶን የምታህል ጥቁር ሰርቨር አለች፤
ቀን የለ፣ ሌት የለ፣ ትጽፋለች።
አሥራ ሁለት ቀለበት ማዕበል ተንተርሶ፣
ሳልሞኑ በውስጡ ይዞራል ጨለማ ለብሶ።
ሙቀቱ ስንት ሆነ? ጨውስ? ኦክስጅኑ?
ትጠይቅና ትጽፋለች፣ ሳይለወጥ ዜናው፣ ሳይለወጥ ቀኑ፦
«ውሃው ደህና ነው።»
አንድ ሴኮንድ አለፈ። «ውሃው ደህና ነው።»
ሌላም አለፈ። ማንም ሳይጠረጥራት፣
እንደ ተከሳሽ ሰው መማል ነው የሚቀናት።

በጥቅምት፣ ማክሰኞ፣ ቶርዲስ ከጀልባ ወርዳ፣
ቆመች ከሰርቨሯ ፊት፣ ግማሽ ሐኪም፣ ግማሽ እንግዳ።
ጓንቷን በጥርሷ ስባ ጥቂት ቁልፍ ነካካች።
«ከዲስኩ ዕድሜ» አለች፣ «ዘጠና አንድ በመቶው አልቋል።
አምስት ዓመት ብለው ሸጡልን፤ በሁለተኛው ደክሟል።»
እኔ የሌሊት ተረኛ፣ የመኖ ቱቦ ጠጋኝ፣
የሚሽከረከር ነገር የለው፣ ምኑ እንደሚያልቅ ግራ ገባኝ።

«ማንበብ አይጎዳውም። ሺ ጊዜ አንብበው።
መጻፍ ነው የሚበላው።
ተፍቆ እንደሚጻፍበት ቆዳ ነው፤ በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል።
ደግሞ አንዲት ፍሬ ለማኖር ጆንያውን ሙሉ ያራግፋል፣
መልሶም ይሞላል።»
በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤
ጽሑፉ ብራናውን ሲበላው ግን ማን ምኑን ይወርሳል?

መጀመሪያ ያገኘችው አምና የሸጥናትን ጀልባ ነበር፤
የሞተሯ ሙቀት ዛሬም ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ተብሎ ሲሰፈር፣
ሌላ ሰው፣ ሌላ ወደብ፣ እየነዳት።
ሰረዘቻት።
በየሴኮንዱ የነበረውን በየአሥራ አምስቱ አደረገች፤
«ባሕር እንዲህ አይቸኩልም» አለች።
«አጎቴ ኢንግቫልድ በእርሳስ፣ በቀን አንድ መስመር ይጽፍ ነበር፤
ነፋስ። መረብ አልጣልንም። አርባ ዓመቱ በዘጠኝ ደብተር።»
ከዚያም የሚመጣውን ሁሉ በጠብታ በጠብታ ዲስኩ ላይ ከማፍሰስ፣
ሜሞሪ ውስጥ ይጠራቀም አለች፣ እስኪደርስ፤
በአሥር ደቂቃ አንዴ ብቻ፣
በአንድ ሸክም ይውረድ።

«መብራት ቢጠፋስ?»
«አሥር ደቂቃ ትጠፋለች።»
እንዲህ ቀለል አድርጋ።

እኔ ግን ነሐሴን አልረሳሁም። ሦስተኛው ቀለበት ታፍኖ፣
በስምንት ደቂቃ፣
ሲነጋ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ፣ ነጭ ሜዳ ሆኖ።
ስምንት ከአሥር ያንሳል አልኳት።
ኩባያዋን አስቀመጠች። ከውጭ የሰንሰለት ድምፅ ይሰማ ነበር።
«ደወሉ ዲስኩን አይጠብቅም» አለች በመጨረሻ፤
«የሚያነበው ከሜሞሪ ነው።
መጮህ ሌላ፣ መጻፍ ሌላ።»

በኅዳር ነፋሱ ምሰሶ ጣለና መብራቱ ሄደ፤
ሰርቨሯም፣ ማሞቂያውም፣ ያ ደወልም አብሮ ሄደ።
የእጅ ባትሪ ይዤ በተንሳፋፊው መተላለፊያ፣
አንዱን እግሬን ከሌላው በፊት እየለመንኩ፣
እስከ ሰባተኛው ቀለበት ሄድኩ፤
ብርሃኑን ወደ ታች ሰደድኩ።
ነበሩ።
ጀርባ በጀርባ፣ ብር በብር፣
ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማንም ሳይቆጥር።
ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ጣቴ ደንዝዞ ነበር።

ግራፉ ላይ ዛሬ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም፣
ክፍተት አለ፤ መስመሩ ከመስመሩ አይገጥምም።
መብራት ከመሄዱ በፊት የነበሩት ዘጠኝ ደቂቃዎች፣
ከሄደም በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ባዶ።
ዲስኩ በመጋቢትም እዚያው ዘጠና አንድ ላይ ነው።
ቶርዲስ ክፍተቱን በጣቷ ነክታ
«እዚህ ጋ ምን ሆነ?» አለችኝ።
«ዞሩ» አልኳት።
«በየት በኩል?»
«እንደ ሁልጊዜው።
በግራ።»