የእብሬ ቦይ

ከኮምቦልቻ ተነሥቼ ሐረጎን በጭነት መኪና ወጣሁ፣
ከደሴ ወዲያ በእግሬ፣ ቁልቁል ገራዶ መጣሁ፤
በኪሴ አንድ ማንኪያ፣ ባፌ አንድ ወሬ ይዤ፣
ሰባት ወር ሙሉ ሳልወልደው አርግዤ።

ሽንኩርት ሊሸጥ ወጥቶ፣ ሰኞ ገበያ መሃል፣
"ና ውጣ" ተባለ፤ ማን ቆሞ ይጠይቃል?
ጆንያውን አጣጥፎ ከብብቱ እንደያዘ፣
ጎረቤት ሳይሰማ በካሚዮን ተጓዘ።

እኔ የፋብሪካ ሰፈር ልጅ፣ የማሽን ድምፅ ያሳደገኝ፣
ዶማ አያያዝ የት አውቄ? እሱ ነው ያስያዘኝ።
"ጉልበትህን አትጨርስ፤ ዙሪያውን ዳብሰው፣
ሥሩን ፈልግለት፣ ድንጋይም ሥር አለው።"

ሌላው ምሽግ ሲምስ ለጥይት ይምሳል፣
እብሬ ግን ለዝናብ። አፈሩን ያነሣል፣
ያሸታል፣ ከምላሱ ጫፍ ያደርሳል።
"እዚህ ጋ ይዘንብል" ይላል፣ "ያንድ ጣት ያህል፤
ውሃ እንግዳ ነው፣ መውጫውን ካሳዩት ይሄዳል።"
ዶማው ሲሰበር በማንኪያ ቀጠለ።
መቶ አለቃው ሳቀ፣ "ገበሬ!" እያለ።

ነሐሴ በገባ ሌሊት፣
የግራ ጎናችን ጦር እስከ ደረቱ ተነከረ፣
ኮቾሮው ሟሟ፣ ጥይቱ በጭቃ ተቀበረ፤
የእኛ ጉድጓድ ግን ደረቅ። ውሃው ከእግራችን ሥር፣
እብሬ በቀደደው ቦይ እያወራ ያልፍ ነበር።
መቶ አለቃው መጣ። ቆሞ አየ። ምንም አላለም።
ሲጋራ ሰጠው፤ እብሬ አያጨስም።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የቦዩ አፍ ተደፈነ።
ቅጠል እንዳልል፣ በዚያ አገር ቅጠል የለም፤
የሰው እጅጌ ነበር። ከላይ፣ ከማን እንደመጣ አላውቅም።
"ተወው" አልኩት። "ይመለስብናል" አለ።
ማንኪያውን ይዞ ወጣ፣
እንደ ሰጋጅ ተደፋ፤
ድምፁ ኋላ ነው የመጣ።

ማጥቃት አልነበረም ያን ቀን፤ ለዜና የሚሆን ነገር፣
አንዲት ጥይት ብቻ፣ ከሰለቸው ሰው፣ ከማዶ ሸንተረር።
ያም ሰው ምናልባት የአንዱ መንደር ሽንኩርት ሻጭ ነበር።

ሲመሽ ወደ ቂብላ አዞርነው፤
ቂብላውን ያወቅነው ሲሰግድ ከፊቱ ነው።
ከፈን አልነበረንም፤ ያለውን አለበስነው።

አባቱ ይማም መደብ ላይ አስቀመጡኝ፣
ከወሬዬ በፊት ወተት አጠጡኝ።
እናቱ በሩ ጋ ቆመው መቀነት ይፈታሉ፣
መልሰው ይቋጥራሉ።
ነገርኩ። ሁሉን አይደለም።
"ባንዴ ነው ያለፈው" አልኩ፤ ይኼ እውነት ነው።
"ጠላት ላይ ሲዘምት" አልኩ፤ ይኼኛው ውሸት ነው።

ሽማግሌው አላለቀሱም። ማንኪያውን ባውራ ጣት
ዳሰሱት፣ ተበልቶ ያለቀውን ጠርዝ፣ እንደ ማጭድ ስለት።
ቆይተው ጠየቁኝ፦
"አፈሩ ምን ዓይነት ነበር? ዋልካ ነው ወይስ ቦረቦር?"
"ድንጋይ ነው" አልኳቸው፣ "ከሥር አሸዋ አለው።"
"አሸዋ ካለስ ደኅና፤ ውሃ ያልፋል እንጂ አይነካው።"

ተነሡ። ቀኑ የውሃ ተራቸው ነበር፤
ሞት ቢመጣም ባይመጣም ተራ አይሸጋገር።
ተከተልኩ። ዶማውን ለእኔ ሰጡኝ። ቆፈርኩ።
"ዘንበል አድርገው፣ ያንድ ጣት ያህል" ሲሉኝ፣
ዶማውን ይዤ ቀረሁ፤
ድምፁን የት እንደሰማሁት አውቃለሁ፣ ግን ዝም አልኩ።

ውሃው መጣ። በጣቶቼ መሃል አለፈ፣ ቀዝቃዛ።
እናቱ ከአጥሩ ሥር ነበሩ፣ መቀነታቸውን ይዘው፦
"ጆንያውስ፣ ልጄ? የሰው ዕቃ ነው፣
ከእነ ሙሄ ቤት፣ ለአንድ ሰኞ የተዋስነው።"

ለብሶታል፣ አልኩ።