ጠብ

ሐምሌ እዚህ አይዘንብም። ቂርያት ማላኪ ላይ
አስፋልት ይቀልጣል፣ ይነጣል ሰማይ።
ዝናብ ካለ አንድ ነው፤ ከሦስተኛው ፎቅ፣
ከሱሊካ ማቀዝቀዣ ሌሊት የሚፈልቅ።
ጠብ።
ከጋሽ ፈንቴ መስኮት፣ ከቆርቆሮው ግንባር፣
ጠብ።
ወፍ እስኪንጫጫ፣ እንቅልፍ እስኪባረር።

«ሌት ሌቱን ጠብ፣ ጠብ፤ ቀን ቀኑን ሌላ ጠብ፤
ይቺን ሴት ምን ላርጋት? ንገሪያት በደንብ!»

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ከባንክ እስከ ሐኪም
የሰው ቃል ስሸከም ትከሻዬ አይደክም፤
ያን ቀን ግን ደረጃው ዳገት ሆነብኝ፣
ስድቡን በምን ቋንቋ አለስልሼ ልቀኝ?

ሱሊካ ከፈተች። ከኋላዋ ባሏ፣
አፍንጫው ላይ ቱቦ። «ላጥፋው?» ነበር ቃሏ።
«ሙቀት ከገባበት ልቡ ቀጥ ይላል፤
ሽማግሌው ይንገረኝ፣ ከዚያስ ማን ይተኛል?»

ወረድኩኝ ወደ ታች ቃሏን እንደያዝኩት፣
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ሳላስጌጥ ነገርኩት።
ጋሽ ፈንቴ ዝም አለ። ጢሙን ሳበ፣ ሳበ፣
ወደ ጓሮው ዞሮ ብዙ አሰበ።
የሕንፃው ኮሚቴ ቧንቧውን ከቆለፈ
ጎመኑ ጠውልጎ፣ ጤና አዳሙ ረግፏል፤
ሦስት ሳምንት አለፈ።

«በቀን ስንት ባልዲ ይወጣዋል?» አለኝ፣
እንደ ነጋዴ እንጂ እንደ ከሳሽ አላናገረኝ።

አሥር ሜትር ላስቲክ ገዝቶ መጣ በማግስቱ፤
እሷ ከመስኮት ለቀቀች፣ ከታች ያዘ እሱ፤
«ትንሽ ወደ ግራ»፣ «ቆይ»፣ «እሰሪው»፣ «በቃ»፣
እሱ ባማርኛ፣ እሷ በሞሮኮ ቋንቋ፤
በእጅ ተግባቡና አስተርጓሚዋን ረሱ።

አሁን ቆርቆሮው ዝም። ውሃው አፈር ገባ።
የሱሊካ ባል ክፍል እንደ ደጋ ቀዝቅዞ፣
ጎመኑ ቅጠሉን እንደ ጆሮ ዘርግቶ።
ጤና አዳሙን ስትሸት፣ «ፊጅል!» ነው ያለችው፣
የእናቷን ጓሮ አስታውሳ ዓይኗን እንባ ሞላው።
ሻይዋ ውስጥ ትጥላለች፤ ለእሱም ታወርዳለች።
(አልፎ አልፎ ግን አሁንም ታማርራለች፦
ጋሽ ፈንቴ እንቅልፍ አግኝቶ ሲያንኮራፋ
ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ሕንፃ ሙሉ አስከፋ።)

እኔ ያን ደረጃ ስወጣ ያን ዕለት
«ከዚህ ነገር ደግሞ ምን ጠብ ሊል?» ያልኩት
ዛሬ በሬ ላይ ነው፤ አንድ እስር ጎመን
ከእጀታው ላይ ታስሮ፣ ያልጠየቅሁት ደሞዜን።
ገና እርጥብ ነው። ከሥሩ አፈሩን አንጠልጥሎ፣
አንዲት ውሃ ብቻ ከጫማዬ ላይ
ጠብ
ብሎ።