ክፍል ሰባት

የሊፍት ጠጋኝ ነኝ ዛሬ፣ በኦውሉ ከተማ፤
ገመድ ስፈትሽ ውዬ፣ የሞተር ሳል ስሰማ፣
ማታ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ከፈትኩ አንድ ድራማ፤
በየሳምንቱ ሐሙስ በኢንተርኔት የሚለቀቅ፣
ስለኛ ዓይነቱ ሌባ፣ ስሙ እንጂ ፊቱ የማይታወቅ።

ሳቅኩ መጀመሪያ።
ተዋናዩ ሽቅርቅር፣ በጥቁር ጃኬት ያበደ፣
ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ እንደ በረዶ ያወረደ፤
ቁልፍ በሰበረ ቁጥር ሙዚቃ የሚያጅበው፣
በር ላይ ቆንጆ ልጅ ቆማ በስስት የምታየው።

እኛ እኮ... የተቀደደ ካልሲ፣ ከእናት ቤት ሥር ምድር ቤት፣
የደረቀ የአጃ ዳቦ፣ ሳንቲም የሌለው ሌብነት፤
ፊልሙ ሲኒማ ሳይገባ ለመልቀቅ ሌሊት መሮጥ፣
በአርባ ሰከንድ ተቀድሞ እስክሪን ላይ ማፍጠጥ።

ሌባ ሲሰርቅ አይጣላም፣ ሲካፈል ነው ይባላል፤
እኛ ምን ልንካፈል? ዝና በስንት ይከፈላል?
ስሙም የራስ አይደለ። እኔ “ሀውኪ” ነኝ፣ ጥርሳሙ የወንዝ ዓሣ፤
እሱ “ኖኪ” ነው፣ ጥላሸት፣ ከእጅ ታጥቦ የማይነሳ።

አራት ዓመት ተጻጻፍን። ድምፁን አላውቅም። መልኩንም።
ነጠላ ሰረዝ እንደሚጠላ አውቃለሁ፣ የመንጋጋ ሕመሙንም።

አንድ ጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ሲል ብርዱ፣
ማሞቂያው ሞቶ ጣቶቼ አንታዘዝም ብለው ሲከዱ፣
ጻፍኩለት፦
“የኮምፒውተሩን ጀርባ ፈትቼ፣ ማራገቢያው ፊት
የአባቴን ጓንት ሰቅያለሁ። አንድ ነው፣ የግራው፤
ቀኙን ሐይቅ በላው ከጀልባ ላይ።
በሰረቅነው ፊልም ትኩሳት እጄን አሞቃለሁ።”
እሱም፦ “ያንተ እጅ ከሞቀ ፊልሙ ጥሩ ነው ማለት ነው።”
ከዚያ ወዲያ ለማንም አልነገርኩም። ለሚስቴ እንኳ። ለዳኛውም።

መጋቢት ላይ በማለዳ በሩ ተንኳኳ።
እናቴ በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯ በፎጣ እንደታሰረ፣
“ተሳስታችኋል፣ ልጄ ተማሪ ነው” ስትል፣
በዚያች ደቂቃ የእኔ ቁልፍ ተሰበረ።
ዲስኩን፣ ሽቦውን፣ የእህቴን ካሴት ሳይቀር ጠቅልለው ሄዱ።
ኖኪም ያን ዕለት ጠፋ። እሱንም ወሰዱ
ብዬ አለቀስኩለት። ዘጠኝ ዓመት ቅጣቴን ስከፍል፣
ለሱስ የሚከፍልለት ይኖር ይሆን እያልኩ ሳሰላስል።

ክፍል ሰባት።
ተዋናዩ በረደው። የኮምፒውተሩን ጀርባ ፈታ።
ጓንት አወጣ ከኪሱ። አንድ ጓንት። ሰቀለ በዝግታ።
ሶፋው ላይ ቀጥ አልኩ።
ቀጥሎ ጓደኛው ታየ፣ በጠባብ ክፍል፣ ፊት ለፊቱ ፖሊስ፤
አድራሻ ሲነግር፣ ቁጥር በቁጥር፣ ዓይኑ ሳይላወስ።
መጨረሻ ላይ ስም መጣ፦ ደራሲ፣ ኦይቫ ኬስኪታሎ።
ኦይቫ።
ስሙን አወቅኩት ይኸው፣ በሃያ ዓመቱ።

ይቅርታ ነው ይሄ? ወይስ ሌላ ስርቆት?
ያኔ የሰረቅነውን ሁሉ ለዓለም በነፃ እንደለቀቅነው፣
እኔንም ሰርቆ በነፃ ለቀቀኝ ልበለው?

ደግሜ አየሁት። ሦስቴ። ጓንቱ ላይ አቆምኩት፤
አውራ ጣቱ ወዴት ዞረ ብዬ መረመርኩት።
ቀኙን ነው የሰቀለው!
ሐይቅ የበላውን ቀኝ። ግራ የገባኝ እኔ ነኝ፤
ሃያ ዓመት ሲሸከመኝ ግራዬን ረሳብኝ።

ተነሳሁ። የድሮ ሙያን እጅ አይረሳውም።
በነፃ የተሰጠ ፊልም የሚሰርቅ ሞኝ የለም፤
እኔ ግን ሰረቅኩት፣ በወጉ። በድሮ ስማችን ጠቀለልኩት፤
እንደ ልማዳችን ከሥሩ አጭር ጽሑፍ አኖርኩለት፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቀቅኩት።

ጽሑፉ ሁለት ቃል ነው፦
“ግራው ነበር።”